የማስታወሻ ዕቃዎች አሰባሰብና አያያዝ

የሰው ልጅ ለነገ ብሎ የሚያስቀምጠው እህልና ገንዘብ ብቻ አይደለም። በየቤቱ በሣጥን ተቆልፎበት፣ በመሳቢያ ውስጥ ተሸሽጎ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚኖር፣ የማይበላና የማይለበስ፣ ሆኖም የቤቱ ሰው በቀላሉ ሊጥለው የማይወድደው ዕቃ አይጠፋም። የአያት የጦር ሜዳ ሜዳሊያ፣ የእናትና የአባት የጋብቻ ፎቶግራፍ፣ ከሩቅ አገር የተላከ ደብዳቤ፣ ከመገበያያነት የወጣ ብር፣ ጫፉ የተሸረፈ የቀንድ ዋንጫ ከነዚህ መካከል ይቈጠራሉ። ዓይነታቸው ቢለያይም የሁሉም አገልግሎት አንድ ነው፤ ይኸውም ያለፈውን ሰው፣ ያለፈውን ጊዜና ያለፈውን ሥራ ማስታወስ ነው። ስለዚህም የማስታወሻ ዕቃዎች ተብለው ይጠራሉ።

እነዚህን ዕቃዎች ፈልጎ ማግኘት፣ መርጦ መያዝና በሥርዓት ማደራጀት በብዙ አገሮች የታወቀ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው ሳንቲምና የወረቀት ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ሦስተኛው ለፎቶግራፍ፣ ለባቡር ቲኬት፣ ለስፖርት ዓርማ ወይም ለቆየ ጋዜጣ ያደላል። ሁሉም ግን አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ማከማቸትና መሰብሰብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚያከማች ሰው ያገኘውን ሁሉ በአንድ ቦታ ያኖራል፤ የሚሰበስብ ሰው ግን ዕቃው ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ የማን እንደ ነበረና ለምን እንደ ተሠራ ይጠይቃል፤ መልሱንም ይጽፋል። ሁለቱን የሚለያቸው የዕቃው ብዛት ወይም የዋጋው ውድነት ሳይሆን ዕውቀት ነው።

የዚህን ልዩነት ትርጉም ለመረዳት አንድ ሜዳሊያ ማሰብ ይበቃል። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ፣ ሜዳሊያው በየትኛው ዘመቻና ለየትኛው ሥራ እንደ ተሰጠ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቃል። ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ ታሪኩን በከፊል ያስታውሳሉ። የልጅ ልጆቹ ዘመን ሲደርስ ግን የጻፈው ሰው ከሌለ፣ ያ ሜዳሊያ ሪባኑ የደበዘዘ አንድ ቁራጭ ብረት ሆኖ ይቀራል። ብረቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ምስክርነቱ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንደሚባለው፣ ታሪኩ ያልታወቀ ዕቃም የሚናፍቀውና የሚጠብቀው ሰው አያገኝም፤ ውሎ አድሮም ይሸጣል፣ ይቀልጣል ወይም ይጣላል።

ከማስታወሻ ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ በዓለም ላይ ብዙ ሰብሳቢ ያገኘው ቴምብር ነው። በሙጫ የሚለጠፍ የፖስታ ቴምብር ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1840 ነበር። የንግሥት ቪክቶሪያን መልክ የያዘው ይህ ጥቁር ቴምብር ዋጋው 1 ፔኒ ነበር። ከዚያ በፊት የደብዳቤን ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ሲሆን፣ ሂሳቡም በርቀትና በወረቀት ብዛት ይሰላ ነበር። ሮላንድ ሂል የተባለው እንግሊዛዊ ክፍያው በቅድሚያ በላኪው እንዲፈጸምና ተመኑም ርካሽና አንድ ወጥ እንዲሆን ሐሳብ በማቅረቡ፣ ከፍ ያለ ገቢ የሌለው ሕዝብም ደብዳቤ መላላክ ቻለ። ቴምብር ወደ ሌሎች አገሮች ሲዛመት የሰብሳቢዎቹም ቍጥር አብሮ አደገ።

ቴምብር ሰብሳቢዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1856 በደቡብ አሜሪካ ይገኝ በነበረው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በጊያና፣ ከውጭ አገር የሚጠበቀው ቴምብር በመዘግየቱ በአካባቢው ማተሚያ ቤት ለጊዜው የሚያገለግሉ ቴምብሮች ታተሙ። ከነዚህ አንዱ ባለ 1 ሳንቲም የሆነ ቀይ ሐምራዊ ቴምብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ቬርኖን ቮን የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በቤተ ሰቡ ደብዳቤዎች መካከል አንዱን አገኘና ለአንድ ሰብሳቢ በ6 ሺሊንግ ሸጠው። ከጊዜ በኋላ ከዚህ ዓይነት የታወቀው ቴምብር ያ ብቻ መሆኑ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዮርክ ከተማ ለጨረታ ሲቀርብ 9,480,000 የአሜሪካ ዶላር አወጣ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ተማሪ በየፖስታው ላይ ሀብት ተለጥፎ የሚጠብቀው ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። በዓለም ላይ ከታተሙት ቴምብሮች እጅግ የሚበዙት በብዛት የሚገኙና ዋጋቸው አነስተኛ የሆነ ናቸው። ቴምብርን ለመክበሪያ ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። የታሪኩ ትምህርት በሌላ በኩል ነው። ያ ትንሽ ወረቀት እስከ ዛሬ ሊቈይ የቻለው ሰው ከማይፈልገው ወረቀት መካከል ለይቶ ያስቀመጠው አንድ ልጅ በመኖሩ ነው፤ የዋጋው ምንጭም ወረቀቱ ሳይሆን ስለ ወረቀቱ የተደረሰበት ዕውቀት ነው።

የኢትዮጵያ ቴምብሮች ደግሞ ለአገሪቱ ታሪክ እንደ አጭር መጽሐፍ ሆነው ያገለግላሉ። ዐፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም የደነገጉት በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ የታተሙ ሲሆን በዋጋ ሰባት ዓይነት ነበሩ። የሩብ፣ የግማሽ፣ የ1 እና የ2 ግርሽ ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሽ ቴምብሮች ደግሞ ባለዘውዱን አንበሳ ይዘዋል። 16 ግርሽ ማለት በጊዜው አንድ ብር ነበር፤ ስለዚህ እነዚህን ቴምብሮች የሚመረምር ተማሪ ስለ ፖስታ ብቻ ሳይሆን ስለ ገንዘብ አቈጣጠርም ይማራል።

እነዚህ ቴምብሮች በአማርኛ ብቻ የተጻፈባቸው ስለ ነበሩ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአገሪቱ ስም በላቲን ፊደል ታተመባቸው፤ ቀጥሎም «ቦስታ» የሚል ቃል፣ ከዚያም «መልክት» የሚል ቃል በላያቸው ላይ ተጨመረ። በዛሬው አነጋገር «ፖስታ» የሚባለው ቃል በዚያን ጊዜ እንዴት ይጻፍ እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ማስረጃውን ከነዚህ ቴምብሮች ላይ ያገኘዋል። ከ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በኋላ ደግሞ በኢጣልያ ንጉሥ በቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ መልክ የታተሙ ቴምብሮች የኢትዮጵያን ስም ይዘው ወጡ። በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መልክ ወደ ቴምብሮቹ ተመለሰ፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ደግሞ በተራው ቀረ። አንድ ሰብሳቢ እነዚህን በየዘመናቸው አከታትሎ በአንድ አልበም ላይ ቢያሰልፋቸው፣ የመንግሥታትን መውጣትና መውረድ በዓይኑ ያያል።

አንዳንድ ጊዜ ቴምብሩ ብቻውን የማይናገረውን የተለጠፈበት ፖስታ ይናገራል። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ቴምብር በውጭ አገር ዋጋ ስላልነበረው፣ ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ ከኢትዮጵያ ቴምብር ሌላ በጅቡቲ የሚሠራውን የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር መለጠፍ ያስፈልገው ነበር። እንግዲህ ሁለቱንም ቴምብሮች፣ ማኅተማቸውንና አድራሻቸውን እንደ ያዘ እስከ ዛሬ የቈየ አንድ ፖስታ፣ ደብዳቤው በየት በኩል እንደ ሄደ፣ በየትኛው ቀን የትኛው ከተማ እንደ ደረሰና የሁለቱ አገሮች የፖስታ ግንኙነት ምን ይመስል እንደ ነበር ይመሰክራል። አንድ ቸኳይ ሰብሳቢ ቴምብሮቹን ነቅሎ ፖስታውን ቢጥለው ግን በእጁ የሚቀሩት ሁለት ትናንሽ ወረቀቶች ናቸው፤ የጉዞው ታሪክ ከቅርጫት ውስጥ ገብቷል። በአዲስ አበባ ከተማ የተቋቋመው የፖስታ ሙዚየም እንዲህ ያሉ ምስክሮች እንዳይጠፉ ከሚጠብቁ ተቋማት አንዱ ነው።

ከቴምብር ቀጥሎ ብዙ ሰብሳቢ ያለው ገንዘብ ነው። በኢትዮጵያ ምድር የገንዘብ ታሪክ ረዥም ነው። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ በመጀመሪያ የጨረቃና የክብ ምልክት ይታይ ነበር፤ ንጉሡ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግን በዚያ ፈንታ መስቀል ተተካ። የአንድ መንግሥት የሃይማኖት ለውጥ በአንዲት ጥፍር በምታክል ሳንቲም ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ አሞሌ ጨው በብዙ ገበያዎች እንደ ገንዘብ አገልግሏል፤ ጥይትም በየስፍራው በመገበያያነት የሠራበት ጊዜ ነበር።

በአገሪቱ ሰብሳቢዎች ዘንድ በብዛት የሚገኘው ግን የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ሕዝቡ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ይለዋል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1,000 እጅ 833 እጁ ጥሩ ብር ነው። በአንድ ፊቱ የኦስትሪያን ንግሥት መልክ፣ በሌላው ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር ይዟል። የአገራችን ነጋዴ ይህን ብር ሲቀበል ንግሥቲቱ በጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምር ነበር፤ ያልተሟላ ወይም የተፋቀ ከሆነም አይቀበልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የተሠራው የዐፄ ምኒልክ ብር በገበያ ከወጣ በኋላ እንኳ ሕዝቡ ለማርትሬዛው ያለው እምነት ቶሎ አልቀነሰም።

ይህ ብር ለጀማሪ ሰብሳቢ ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። በላዩ ላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. 1780 ነው። ይህን ያነበበ ሰው በእጁ የያዘው ብር ከ200 ዓመት በላይ ያስቈጠረ ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ነገር ግን 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከሞቷ በኋላም ገበያው የሚያምነው ያንኑ ገንዘብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና መታተሙን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ ኢጣልያ መቅረጫውን ተቀብላ በሮማ ማሠራት ጀመረች፤ ከዚያም ወዲህ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ተሠርቷል። ስለዚህ በሁለት ሰዎች እጅ ያሉ ሁለት ማርትሬዛዎች አንድ ዓመት ተጽፎባቸው ሳለ በመካከላቸው የመቶ ዓመት ልዩነት ሊኖር ይችላል። ዕቃው የሚናገረውን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል፤ ዕቃውን ከታሪኩ ጋር የሚያስተያይ ሰው ግን እውነቱን ይደርስበታል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ምክር ለሰብሳቢ የተነገረ ይመስላል።

የማርትሬዛ ዕጣ ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለው። ይህ ብር በጥራቱ የታወቀ በመሆኑ አንጥረኞች እያቀለጡ መስቀል፣ አምባርና የአንገት ጌጥ ሲሠሩበት ኖረዋል። ጌጡም የአገር ጥበብ ስለ ሆነ በዚህ ማንም ሊወቀስ አይገባም። ሆኖም አንድ አያት ለልጅ ልጃቸው ያስተላለፉት፣ ምናልባትም ለጥሎሽ የተሰጠ ወይም በሬ ተሸጦ የተገኘ ብር ታሪኩ ሳይጠየቅ ሲቀልጥ፣ ከብሩ ጋር የአንድ ቤት ትዝታ አብሮ ይቀልጣል። ብሩን ከመቅለጥ ማዳን ባይቻል እንኳ ታሪኩን ጽፎ ማዳን ይቻላል።

የማስታወሻ ዕቃ ለመሰብሰብ የጥንት ነገር መፈለግ ግዴታ አይደለም። የዛሬ ዕቃ የነገ ማስታወሻ ነው። ለምሳሌ ያህል በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች በአንድ ፊታቸው የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ፊታቸው ልዩ ልዩ ምስል የያዙ ናቸው፤ በ1 ሳንቲም ላይ በሬዎች ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ በ10 ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን ይታያል። እነዚህ ሳንቲሞች በአንድ ዘመን በማንኛውም ልጅ እጅ ይገኙ ነበር፤ የዕቃ ዋጋ እየናረ ሲሄድ ግን ትናንሾቹ ከገበያ እየራቁ ሄዱ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ሲለወጡና የ200 ብር ኖት ሲጨመር፣ አሮጌዎቹ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ተመልሰው ከመገበያያነት ወጡ። ከነዚያ አንዱን ያስቀረ ሰው ዛሬ የማስታወሻ ዕቃ አለው። እንደዚሁም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው በአሮጌው የባቡር መሥመር የተጓዘ ሰው ያስቀመጠው ቲኬት፣ መሥመሩ በአዲስ ከተተካ በኋላ የታሪክ ሰነድ ሆኗል። ተሳፋሪው ቲኬቱን ሲገዛ ይህን አላሰበም።

ጀማሪ ሰብሳቢ በቅድሚያ የሥራውን ወሰን መለየት ይኖርበታል። የዓለምን ቴምብር ሁሉ ልሰብስብ የሚል ሰው ሥራው መጨረሻ የለውም። የአንድ አገርን፣ የአንድ ዘመንን ወይም የአንድ ጉዳይን፣ ለምሳሌ የአራዊትን ወይም የስፖርትን ቴምብሮች የመረጠ ሰው ግን በጥቂት ዕቃ ብዙ ዕውቀት ያገኛል። ገንዘብ የሌለው ተማሪም ሊሰናከል አይገባም። ከዘመድ ደብዳቤ ላይ፣ ከመሥሪያ ቤት የተጣለ ፖስታ ላይ፣ ከጓደኛ ጋር በመለዋወጥ ብዙ ማግኘት ይቻላል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአያያዝ ጉዳይ ነው። ቴምብር በጣት ከመነካት ይልቅ ጫፉ ባልሾለ ወረንጦ ቢያዝ ይመረጣል፤ የጣት ላብና ቅባት ወረቀቱን ያበላሻልና። ከፖስታ ላይ ለማንሣት ሲፈለግ ቴምብሩ የተለጠፈበት ወረቀት በዙሪያው ተቈርጦ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩ በራሱ ይላቀቃል፤ ከዚያም በንጹሕ ወረቀት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ይደርቃል። በኃይል መላጥ ወረቀቱን ያሳሳዋል፤ ዙሪያውን ያሉት ጥርሶችም ይጐድላሉ። ጥርሱ የጐደለ ቴምብር ዋጋው ይቀንሳል። ከላይ እንደ ተገለጸው ግን ማኅተሙና አድራሻው በግልጽ የሚነበብ የቆየ ፖስታ ሲገኝ፣ ቴምብሩን ሳይነቅሉ ሁሉንም እንዳለ መያዝ ይበልጣል።

ሳንቲም በጠርዙ እንጂ በፊቱ አይያዝም። ብዙ ጀማሪዎች አሮጌ ሳንቲም ሲያገኙ በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ ፈትገው ሊያንጸባርቁት ይሞክራሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። በዘመን ብዛት በላዩ የተፈጠረው ጥላሸት የዕድሜው ምስክር ከመሆኑም በላይ፣ መፈተጉ ጥቃቅኑን ቅርጽ ይፍቃል፤ የተፋቀውም አይመለስም። ፎቶግራፍና ደብዳቤ ደግሞ ከፀሐይ፣ ከእርጥበት፣ ከምስጥና ከብል መጠበቅ አለባቸው። የተቀደደ ደብዳቤ በሚያጣብቅ ፕላስቲክ አይጠገንም፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበልዘዋልና። በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ መጻፍ ሲያስፈልግ በለስላሳ እርሳስ ቀስ ብሎ መጻፍ እንጂ በእስክሪብቶ መጻፍ አይገባም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊቱ ሊያልፍ ይችላል።

ከአያያዝ ሁሉ የሚበልጠው ግን መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቍጥር ይሰጥና በደብተር ላይ አምስት ጥያቄዎች ይመለሳሉ። ዕቃው ምንድን ነው? መቼ ተሠራ? ከማን ተገኘ? መቼና እንዴት ተገኘ? ስለ እርሱ የሚነገረው ምንድን ነው? አንድ የመዝገብ ገጽ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

ተራ ቍጥር 7። የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ አንድ። የተጻፈበት ዓመት 1780፤ የተሠራበት ዓመት አልታወቀም። ከእናት አያት የተገኘ። አያት እንደሚሉት በሠርጋቸው ቀን ከአባታቸው የተሰጣቸው ነው። በላዩ ላይ ያለው ቀዳዳ ለአንገት ጌጥ ክር ለማስገባት የተበሳ ነው።

ይህን ገጽ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ይሁን እንጂ በዚህ ጥቂት ጽሑፍ ብሩ ከሌሎች ብሮች ሁሉ ተለይቷል። የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ለይቶ መጻፉም መልካም ነው፤ «አያት እንደሚሉት» የሚለው ሐረግ የቃል ምስክርነትን ከተረጋገጠ ነገር ይለያል። ጠያቂ ልጅ ያገኙ አዛውንቶች ደግሞ ስለ አንዲት ብር ተጠይቀው ስለ ዘመናቸው በሙሉ ይናገራሉ። ስለዚህ ሰብሳቢው በመዝገቡ ላይ ከሚያሰፍረው የበለጠ ነገር ይማራል።

ማንኛውም መልካም ነገር ወሰን እንዳለው ሁሉ መሰብሰብም ወሰን አለው። የግለሰብ ማስታወሻ ሊሆን የሚገባውና የሕዝብ ሀብት የሆነው ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ንዋየ ቅድሳት፣ ከምድር ውስጥ የወጣ የጥንት ገንዘብና የሸክላ ስባሪ የማንም የግል መጫወቻ አይደሉም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው ክፍል እንዲያስታውቅ ያዛል። የሕጉ ምክንያት ከላይ ከተነገረው ሐሳብ ጋር ይስማማል። በአክሱም አካባቢ ከዝናብ በኋላ በእርሻ ላይ ብቅ ያለ ሳንቲም በተገኘበት ቦታ ሳለ፣ ከጐኑ ያለው ሸክላ፣ ግንብና አፈር ስለ እርሱ ይመሰክሩለታል። ተነሥቶ በድብቅ ከተሸጠ ግን ሳንቲሙ ይቈያል እንጂ ምስክሮቹ ይበተናሉ።

ያለ ወሰን የተሰበሰበ ማስታወሻ ምን ያህል ሐዘን እንደሚያስከትል የመቅደላ ታሪክ ያሳያል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ሲሉ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ከአምባው የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት፣ አክሊሎች፣ ጽዋዎችና መስቀሎች በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭነው ወረዱ። ከዚህም ሌላ ከንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን ላይ ጠጕራቸው ተቈርጦ ለመታሰቢያ ተብሎ ተወሰደ። ጠጕሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ በለንደን ወደሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ገባ፤ ከ150 ዓመት በላይ ቈይቶም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተወካዮች ተመለሰ። ለአንዱ ወገን ማስታወሻ የነበረው ለሌላው ወገን የንጉሡ የሥጋ ክፍል ነበር። ስለዚህ ሰብሳቢ «ይህ ዕቃ ምንድን ነው?» ብሎ ከመጠየቁ ጋር «ይህ ዕቃ የማን ነው?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

በአግባቡ የተካሄደ አሰባሰብ ደግሞ ከአንድ ሰው ደስታ አልፎ ለአገር ይተርፋል። ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባሉት የፖላንድ ተወላጅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ፣ የኢትዮጵያን ሥዕሎች፣ መስቀሎችና የቤት ቍሳቍሶች እየፈለጉ ለኮሌጁ ያሰባስቡ ነበር። ሥራቸው በኋላ በ1955 ዓ.ም. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም መሠረት ሆነ። ሙዚየሙ የሚገኘው በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ይባል በነበረው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። በየገበያውና በየቤቱ ተበትነው ሊጠፉ ይችሉ የነበሩ ዕቃዎች በአንድ ቦታ ተመዝግበው መገኘታቸው ለተማሪውም ለተመራማሪውም ጥቅም ሆኗል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ሰብሳቢ ሙዚየም አያቋቁምም፤ ማቋቋምም አይጠበቅበትም። የአንድ ተማሪ ሥራ በአንድ ደብተርና በአንድ ካርቶን ሣጥን ሊያልቅ ይችላል። ሆኖም በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ ስሙ፣ ባለቤቱና ታሪኩ ከተጻፈ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው የሚያነበው ያገኛል። ካልተጻፈ ግን የሚያገኘው ዝገትና የደበዘዘ ወረቀት ብቻ ነው። ዕቃው ሊጠብቅ ይችላል፤ ብረትና ብር ብዙ ዘመን ይኖራሉ። ታሪኩን የሚያውቁት አዛውንቶች ግን እንደ ዕቃው አይጠብቁም። ስለሆነም ከአልበምና ከወረንጦ በፊት ለሰብሳቢ የሚያስፈልገው፣ ዛሬ ሄዶ የሚጠይቅ ልጅና መልሱን የሚጽፍበት እርሳስ ነው።